ኪንሲዮሎጂ ልማር? ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቶሮንቶ ነው የምኖረው። ኪንሲዮሎጂ ተምሬ በዚሁ ሙያ ነው የምሠራው። ቅዳሴ አልቆ ሻይ ስንጠጣ፣ ክርስትና ቤት፣ ሰርግ ላይ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንዲት እናት ጠጋ ትልና «ልጄ ኪንሲዮሎጂ ልማር አለች። ምንድን ነው እሱ? እንጀራ ይወጣዋል?» ትለኛለች። ቆሜ በሁለት ደቂቃ የምመልሰው ሁሌም ይጎድላል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ጻፍኩት። በደንብ የማውቀው ቶሮንቶ ያለችበትን የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንገድ ስለሆነ የምጽፈውም በዋናነት ስለ እሱ ነው። አሜሪካ ላላችሁና ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ ለመጣችሁም ጥቂት አለኝ።

ኪንሲዮሎጂ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ እንቅስቃሴ ሳይንስ ነው። ስሙ የመጣው «ኪኔሲስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ እንቅስቃሴ ማለት ነው። ሰው እንዴት ይራመዳል? ለምን ይደክመዋል? ዳገት ስንወጣ ልባችንና ሳንባችን ምን ያደርጋሉ? አእምሮ እጅን እንዴት ያዛል? የተጎዳ ጉልበት እንዴት ወደ ሥራው ይመለሳል? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። «የጤና ሳይንስ» የሚለው ሲታከልበት ደግሞ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርጅና፣ የአኗኗር ሁኔታ ሁሉ ይገባሉ። ካናዳ ውስጥ ትምህርቱ አዲስ አይደለም። የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የኪንሲዮሎጂ ክፍሉን የከፈተው በፈረንጆቹ 1967 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

ታዲያ ወጌሻ ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ጋሼዎቹ ናቸው የሚጠይቁኝ። ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን ያስራል፣ ወለምታ ያሻል። ኳስ ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲወድቅ ሮጦ የሚገባውንም ወጌሻ ነው የምንለው። ኪንሲዮሎጂስት ግን አጥንት አይመልስም፣ መድኃኒት አያዝም፣ ስለ በሽታው ስምም የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። የእኛ ሥራ የሚበረታው ከዚያ በኋላ ነው። ጄሶው ተፈቷል፣ ቁስሉ ድኗል፣ ሐኪሙም «ጨርሰናል» ብሏል። ሰውየው ግን ደረጃ መውጣት አልቻለም። ታክሲው ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቀመጥ ወገቡ ይይዘዋል። የልጅ ልጁን ማቀፍ ይፈራል። ያኔ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ምን ያህል ማጠፍ፣ ምን ያህል መሸከም፣ ስንት እርምጃ መሄድ እንደሚችል እንለካለን። ከዚያ ፕሮግራም እናወጣለታለን። በየሳምንቱ እያየን እንጨምርለታለን።

የጂም አሠልጣኝ ለመሆን አራት ዓመት መማር ለምን?

የጂም አሠልጣኝ ለመሆን ብቻ ከሆነ አራት ዓመት አያስፈልግም፤ አጭር ኮርስ አለው። ይህ ትምህርት ግን ጤነኛ ወጣት ከማሠልጠን በጣም ይሰፋል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ የልብ ድካም የመታው ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ እንዲተኛ ይታዘዝ ነበር። መንቀሳቀስ ይገድለዋል ተብሎ ይታመን ነበር። እዚሁ ቶሮንቶ ዶክተር ቴሬንስ ካቫናህ የሚባሉ ሐኪም የተለየ መንገድ መረጡ። ሕሙማኑን ቀስ በቀስ፣ እየለኩ፣ በእግር ማስኬድ ከዚያም ማስሮጥ ጀመሩ። በ1973 ሰባት የልብ ሕሙማን ይዘው ቦስተን ማራቶን ሄዱ። ዛሬ የልብ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም መግባቱ የተለመደ ሆኗል። እነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ልባቸውን እየተከታተሉ የሚያሠሩት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ይህን ትምህርት የተማሩ ናቸው።

የራሳችንንም ታሪክ አስታውሱ። ሁላችንም የአበበ ቢቂላን ሮም እናውቃለን፤ 1960፣ ባዶ እግሩን። ስለ ኋለኛው ታሪኩ ግን ብዙ አናወራም። በ1969 መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። እዚያ ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም የአከርካሪ ጉዳተኞች በስፖርት ማገገም እንደሚችሉ ካሳዩ ቆይተዋል። የተሽከርካሪ ወንበር ውድድሮቻቸውን የጀመሩት በ1948 ነው። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደውም ከዚያ ነው። አበበ በ1970 በዚያው ውድድር በቀስት ተወዳደረ። እኔ ይህን ታሪክ ያወቅኩት ሁለተኛ ዓመት፣ ክፍል ውስጥ፣ ከኢትዮጵያዊ ሳይሆን ከካናዳዊ መምህር ነው። ዕንባዬ መጣ። ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሮም ላይ ያየነው አበበና ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት የሳበው አበበ ለእኔ እኩል ናቸው።

ምን ምን ይማራሉ?

አናቶሚ፣ የሰውነት አወቃቀር ትምህርት፣ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በእውነተኛ አስከሬን ይታያል። አካላቸውን ለትምህርት የለገሱ ሰዎች ናቸው። ፊዚዮሎጂ፣ የሰውነት አሠራር ትምህርት፣ አለ። ስፖርት ሲሠራ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን የሚያጠና ኮርስ አለ። ጭንብል አጥልቀው መሮጫ ማሽን ላይ ወጥተው የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ይለካሉ። ቀይ የደም ሕዋስ በከፍታ ቦታ ለምን እንደሚበዛ የሚማሩትም እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ትጠጋለች። የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር በዚህ ኮርስ ውስጥ ስሟ መነሳቱ አይቀርም። ከዚህ ሌላ ስታቲስቲክስ፣ የስፖርት ሥነ ልቦና፣ ሥነ ምግብ፣ የአእምሮና የጡንቻ ግንኙነት አለ።

ለብቻው ልነግራችሁ የምፈልገው ባዮሜካኒክስን ነው። ፊዚክስን ወደ ሰው ገላ ማምጣት ማለት ነው። አሥር ኪሎ ጤፍ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ። ከትከሻችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ በትከሻ ላይ የሚያሳድረው ጫና ወደ 20 ኒውተን ሜትር (የማዞር ኃይል መለኪያ) ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ 60 ሴንቲ ብታርቁት ጫናው ወደ 60 ይሄዳል። ጤፉ ያው ነው፤ ጫናው ሦስት እጥፍ። እናቴ ለዓመታት ጎንበስ ብላ አክንባሎ ስታነሳ ትከሻዋ ለምን እንደሚያማት የገባኝ ይህን ስሌት ስሠራ ነው። ምጣዱን ከፍ አደረግንላት፣ ጠጋ ብላም እንድትቆም ነገርኳት። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን በጣም ቀለላት።

ከባድ ነው? ሂሳብና ኬሚስትሪ ላይ ደካማ ነኝ።

ከባድ ነው። «ስፖርት እወዳለሁ፣ ቀላል ይሆናል» ብለው የሚገቡ ልጆች አንደኛው ዓመት ላይ ይደነግጣሉ። እኔም የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወድቄያለሁ። ስህተቴ ብቻዬን ማንበቤ ነበር። ከሦስት ልጆች ጋር ቡድን ፈጠርን፤ አንዳችን ሌላችን ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጡንቻ እየሳልን አጠናን። ያ አተረፈኝ። ሂሳቡ ከኢንጂነሪንግ ጋር አይወዳደርም። ግን አይቀርም። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለውን ክረምት ለፊዚክስና ለባዮሎጂ ስጡት።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ኦንታሪዮ ውስጥ 12ኛ ክፍል ላይ ስድስት የ«ዩ» (ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ) ወይም የ«ኤም» (ለዩኒቨርሲቲም ለኮሌጅም የሚያዘጋጁ) ደረጃ ኮርሶች ያስፈልጋሉ። እንግሊዝኛ ግዴታ ነው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ሂሳብ እንደየዩኒቨርሲቲው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሦስቱንም ይዛችሁ ተገኙ፤ ያኔ የሚዘጋባችሁ በር አይኖርም። ማመልከቻው የሚላከው ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ማዕከል በኩል ነው። ቀነ ገደቡ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መሃል አካባቢ ነው። ለወላጆች አንድ ነገር፦ ልጆቹ 10ኛ ክፍል እያሉ የኮርስ ምርጫ ወረቀት ወደ ቤት ይመጣል። እሱን ወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ። ጎበዝ ልጅ በስህተት ሌላ ደረጃ ኮርስ ላይ ተመዝግቦ 12ኛ ክፍል ላይ «ማመልከት አትችልም» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ።

የት የት ይሰጣል?

ቶሮንቶ ውስጥ ዮርክ ዩኒቨርሲቲና ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቶሮንቶ አሉ። ሃሚልተን ማክማስተር፣ ለንደን (የኦንታሪዮዋ ከተማ) ዌስተርን፣ ኪንግስተን ኩዊንስ አለ። ዋተርሉ እየሠሩ መማርን፣ ኮ-ኦፕ የሚሉትን፣ ይሰጣል። ዮርክ በአርትስም በሳይንስም ዲግሪ አለው። የትኛው ይሻላል ከተባልኩ፣ ቤት ሆኖ እየተመላለሱ መማር የሚቻልበትን አስቀድሙ እላለሁ። የኪራይ ገንዘብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቱ የሚታየው ውጤታችሁ ነው።

ክፍያውስ?

ለኦንታሪዮ ነዋሪ ዋናው የትምህርት ክፍያ ለዓመታት በ6,000 እና በ8,000 ዶላር መካከል ቆይቷል፤ ሌሎች ክፍያዎች ይጨመሩበታል። ከውጭ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ግን ብዙ እጥፍ ነው። ኦሳፕ የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ ለዜጋ፣ ለቋሚ ነዋሪና ጥገኝነቱ ለተፈቀደለት ሰው ይሰጣል። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ አይሰጣችሁም፤ እንደተፈቀደላችሁ ግን በዚያው ሳምንት አመልክቱ።

አራት ዓመት ጨርሳ ሥራ ታገኛለች ወይ?

የሁሉም ጥያቄ እዚህ ይደርሳል። ሳልሸፋፍን ልመልስ።

ነርስነት የተማረች ልጅ ስትመረቅ መንገዷ ተጠርጎ ይጠብቃታል። ፈተናውን ትወስዳለች፣ ነርስ ትባላለች፣ ሥራ ትገባለች። ኪንሲዮሎጂ እንደዚያ አይደለም። ዲግሪው ብዙ በሮች አሉት። የትኛውን እንደምትከፍት ግን ራሷ መወሰን አለባት፤ ውሳኔውም አራተኛው ዓመት ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ላይ ቢሆን ይሻላል። ሥራ አጥተው የተንከራተቱ ጓደኞቼን ሳስብ አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። ወዴት እንደሚሄዱ ሳይወስኑ ነው የተመረቁት።

የመጀመሪያው በር ራሱ ሙያው ነው። ኦንታሪዮ ኪንሲዮሎጂን እንደ ሌሎቹ የጤና ሙያዎች በሕግ የምትቆጣጠር ክፍለ ሀገር ናት። የኦንታሪዮ ኪንሲዮሎጂስቶች ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ነው። ኮሌጅ ሲባል ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ፈቃድ ሰጪ አካል ነው። ዲግሪ ይዛችሁ ፈተናውን አልፋችሁ ካልተመዘገባችሁ «ኪንሲዮሎጂስት ነኝ» ማለት አትችሉም። ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ተመራቂዎች ፈተናውን «በኋላ እወስደዋለሁ» ይላሉ። ትምህርቱ ከጭንቅላታችሁ ሳይወጣ ውሰዱት።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ብዙ የሚቀጥሩት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒኮች ናቸው። የመኪና አደጋ የደረሰባቸው፣ ሥራ ላይ የተጎዱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከኢንሹራንስ ነው። የልብና የስትሮክ ማገገሚያዎች አሉ። የአረጋውያን መኖሪያዎች አሉ። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ትልልቅ ቢሮዎች ደግሞ ሠራተኛ እንዳይጎዳ የሥራ ቦታውን የሚያስተካክል ሰው ይቀጥራሉ። እኔ እዚህኛው ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰው ሳይጎዳ በፊት መድረስ የሚቻልበት ሥራ ስለሆነ በጣም ነው የምወደው። የዕቃ መደርደሪያ በ30 ሴንቲ ከፍ ሲል የስንት ሰው ወገብ እንደሚተርፍ ብታዩ!

መነሻ ደመወዙ ከነርስ ያንሳል። ይህን ልጆቹም ወላጆቹም ከወዲሁ ይወቁት። ልምድ ሲጨመር፣ ወደ ሥራ ቦታ ደህንነት ወይም ወደ ኢንሹራንስ ጉዳይ አስተባባሪነት ሲኬድ ይሻሻላል።

ልጄ ፊዚዮቴራፒስት መሆን ነው የምትፈልገው። ይህ መንገድ ያደርሳታል?

ያደርሳታል፣ ጥሩ መንገድም ነው። ካናዳ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የሚጠናው በማስተርስ ነው፤ ወደ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያ ዲግሪው ኪንሲዮሎጂ ሲሆን የሚጠየቁት ኮርሶች አብዛኞቹ ውስጡ አሉ። ኦንታሪዮ ውስጥ የሚሰጡት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፦ ቶሮንቶ፣ ማክማስተር፣ ኩዊንስ፣ ዌስተርን፣ በፈረንሳይኛ ደግሞ ኦታዋ። አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። በአብዛኛው የሚታየው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ውጤት ስለሆነ አንደኛ ዓመት ላይ የተደናቀፈ ልጅ ተስፋ አይቁረጥ። ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ግን ቀልድ የለም። የቅዳሜ ሥራም ካለ ሰዓቱን ቀንሱላቸው፤ እባካችሁ። ኦኩፔሽናል ቴራፒም (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን መሥራት እንዲችል የሚረዳው ሙያ) በተመሳሳይ መንገድ በማስተርስ ይጠናል። ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው ሳያስበው ይቀራል።

ሐኪም መሆንስ?

ይቻላል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች «ይህን ዲግሪ አጥኑ» ብለው አያስገድዱም። ከፍተኛ ውጤት፣ ብዙዎቹ ጋ ኤምካት የሚባለው ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል። ብቻ ኪንሲዮሎጂን ለሕክምና መሸጋገሪያ ብቻ አድርጋችሁ ልጁ ላይ አትጫኑት። በራሱ ሙሉ ሙያ ነው።

ክንድ ተጭኖ «ይህ ምግብ አይስማማሽም» የሚሉትም ኪንሲዮሎጂስቶች ናቸው?

አይደሉም። ያ «አፕላይድ ኪንሲዮሎጂ» የሚባል ሌላ ነገር ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። በሳይንስ ሲፈተሽ አልቆመም። የስም መመሳሰል ነው፤ ገንዘባችሁን አትክፈሉበት።

ከኢትዮጵያ በስፖርት ሳይንስ ወይም በፊዚዮቴራፒ ተመርቄ ነው የመጣሁት። ከዜሮ ልጀምር?

ከዜሮ አትጀምር። አገር ቤት ስፖርት ሳይንስ በብዙ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ባሕር ዳር ራሱን የቻለ የስፖርት አካዳሚ አለው። ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ በማስተማር ደግሞ ጎንደር ቀዳሚ ናት። ከላይ ያልኳችሁ ፈቃድ ሰጪው የኦንታሪዮ ኮሌጅ የውጭ ዲግሪ ከዚህኛው ጋር ይቀራረባል ወይ ብሎ ይመረምራል። የሚመረምረው ስሙን ሳይሆን ይዘቱን ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር ያስፈልጋል። ገና አገር ቤት ያላችሁ ይህን ወረቀት ማኅተም አስመትታችሁ ሳትይዙ አትውጡ። ከዚህ ሆኖ ሰው እየላኩ ማስወጣት ወራት ይፈጃል። ፊዚዮቴራፒስት ለሆናችሁ ምዘናው የተለየ ነው፤ ሰነድ ይመረመራል፣ ፈተናም አለ። ሂደቱ እስኪያልቅ የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሆኖ መሥራት ከመጋዘን ሥራ በእጅጉ ይሻላል፤ ቋንቋውንም አሠራሩንም እዚያው ትለምዳላችሁ።

አሜሪካ ነው ያለሁት። ልዩነት አለው?

ትምህርቱ ይመሳሰላል፣ መንገዱ ይለያያል። ዲሲም ሆነ ዳላስ ኪንሲዮሎጂ ወይም «ኤክሰርሳይዝ ሳይንስ» የሚባለውን ታጠናላችሁ። ፊዚካል ቴራፒስት ለመሆን ግን እዚያ የሚጠየቀው ዶክትሬት ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት። ክፍያው ከባድ ስለሆነ የምትኖሩበት ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ይታይ። የስፖርት ቡድኖች ጋ የሚሠሩት አትሌቲክ ትሬነሮችም አሁን ማስተርስ ይጠየቃሉ።

እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ለዚህ ባለሙያ ምን ሥራ አለ?

ስንቱ! ስኳርና ደም ግፊት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ለእትዬዎቻችን በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ሰጥቶ «ሂጂ» ማለት ምንም አይለውጥም። በአማርኛ የሚያስረዳ፣ ጾሙን የሚያውቅ፣ በሰሙነ ሕማማት ስንት ጊዜ እንደሚሰገድ የሚገባው ሰው ያስፈልጋል። አንዲት እናት ጉልበታቸው ታሞ «ስግደቱን ልተው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይተዉት» አልኳቸው፤ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ወንበር ይዘው መነሳትና መቀመጥ ተለማመዱ፣ የጭን ጡንቻቸው ጠነከረ። ሶላት ላይ መንበርከክ ለከበዳቸው አባትም ያንኑ ሠርተናል። ይህን ካናዳዊ ባልደረባዬ ሊያስበው አይችልም፤ ጥፋቱ አይደለም፣ አላየውማ።

ዕድሜዬ 40 አልፏል፣ ፒኤስደብሊው (አረጋውያንንና ሕሙማንን በእንክብካቤ የምረዳ ሠራተኛ) ነኝ። ለእኔስ ይሆናል?

ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዕድሜ ለገፋ አመልካች የተለየ መግቢያ አላቸው፣ በትርፍ ሰዓትም መማር ይቻላል። አንቺ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውሪ የኖርሽ ነሽ። ይህ ልምድ ቀላል አይደለም። አብራኝ የተማረች አንዲት እህት ስትጀምር 43 ዓመቷ ነበር። ሌሊት ትሠራለች፣ ጠዋት ክፍል ትገባለች። ባዮሜካኒክስ ላይ መምህሩ ሰው ስለማንሳት በሰሌዳ ላይ ቀስትና ቁጥር ሲስል ቆየና «ማን ወጥቶ ያሳየናል?» አለ። ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ጫማዋን አስተካክላ ወጣች። እግሯን ከፈተች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ከእሷ እጥፍ የሚሆነውን መምህር ከወንበሩ ብድግ አደረገችው።